የተጠሪው ዕዳ

ኦውሉ ላይ ሌሊት ነው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፤
ከወረቀት ፋብሪካው ስልክ ተደወለ፣ ልክ እንደ ባለፈው ሳምንት፦
«ጥቅሉ ተበጠሰ፤ ሮለሩ አበደ፤
ሂልካ፣ ያንቺ ፕሮግራም ዛሬስ ምን ወለደ?»

መኪናዬ ሦስቴ አስሏት ተነሣች።
በበጋ የማይታይ፣ በፈተና ክፍል የማይጨበጥ በሽታ፣
ብርድ ሲጠና ብቻ፣ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት የሚመጣ፣ ቀጠሮ አክባሪ ጌታ።

የፕሮሰሰር ሆድ ጠባብ ቤት ነው፤ መደርደሪያው አሥራ ስድስት፤
አንዱ ፈንክሽን ሌላውን ይጠራል፣ ለእርዳታ፣ ለቅጽበት።
መደርደሪያው ግን ያው ነው፣ ለጠሪም ለተጠሪም፤
ስም አልተጻፈበት፤ «የእኔ ነው» ብሎ የሚሟገት እዚያ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ውል አለ፦
ከዜሮ እስከ ሦስት ያሉት የመንገድ ዳር ናቸው፤
ጠሪ ከሳሳላቸው ራሱ ይደብቃቸው፤
እንግዳ ቢያፈሳቸው፣ ቢደባልቃቸው፣ ወቀሳ የለበት።
ከአራት እስከ አሥራ አንድ ግን አደራ ናቸው፤
ተጠሪ ቢፈልግ፣ አስቀድሞ ቁልሉ ላይ ያኑራቸው፤
ሲወጣ ይመልስ፣ እንዳገኛቸው፣ በነበሩበት።
ተጠሪ የተባለ ተጠሪነት አለበት።

ይህን ውል ዘበኛ አይጠብቀውም። ሲሊከን አይፈርድም፤
የጣሰውን ክንዱን ይዞ «አንተ!» አይለውም፤
ጠሪው ሲመለስ ብቻ፣ የራሱን ዕቃ ሲያነሣ፣
የሌላ ሰው ዕቃ እጁ ላይ ይገኛል፤ ያኔ ነው አበሳ።

ስክሪኑ ላይ አደርኩ።
አር አራት ውስጥ የሮለሩ ፍጥነት ነበረ፣
ጥሪው ሲገባ ዘጠኝ መቶ አሥር። ሲመለስ
ነጌቲቭ ሠላሳ ሁለት ሆኖ አደረ።
ሠላሳ ሁለት!
የደጁን ብርድ ነው ሮለሩ እንደ ፍጥነት የጠጣው፤
በሙሉ ኃይሉ ሲከንፍ፣ ወደ ኋላ መሽከርከር ያማረው።

አደራ በላውን አገኘሁት፦ ብርዱ ከሠላሳ ሲያልፍ ብቻ የሚጠራ፣
በአሴምብሊ በእጅ የተጻፈ፣ አርባ መስመር፣ ንጹሕ ሥራ፤
አናቱ ላይ የሁለት ስም መነሻ፦ ታ. ሉ.
ታይስቶ ሉኪንማ። መምህሬ።

በመጀመሪያው ክረምቴ ወደ ሰሜን ወስዶኝ ነበር፣ በበረዶ መንሸራተቻ፣
የማንም ወዳልሆነች፣ በሯ ወደማይቆለፍ ጎጆ። ምድጃና አልጋ ብቻ።
«ያነደድሽውን ያህል ፈልጠሽ ተኪ» አለኝ፣ መጥረቢያውን እያቀበለኝ፤
«ቀጥሎ የሚገባው ሰው ጣቱ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል።
ክብሪት መጫር እንጂ እንጨት መፍለጥ አይችልም።»

ጠዋት ደወልኩለት። ጡረታ ወጥቶ ኩውሳሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዳል።
«አር አራትን አላኖርከውም» አልኩት።
ዝም አለ። በበረዶው ቀዳዳ ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁ።
«ያኔ» አለ ቆይቶ፣ «ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።
የዚያ ዘመን ኮምፓይለር አር አራት ላይ ምንም አያሳድርም ነበር።»

ሃያ ስድስት ክረምት፣ ስሕተቱ ትክክል ሆኖ ኖረ ማለት ነው።
አዲሱን ኮምፓይለር ጥቅምት ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤
ብልህ ነው፤ ባዶ መደርደሪያ አይወድም፤
ውሉን አምኖ ዕቃውን እዚያ አስቀመጠ።

መድኃኒቱ ሁለት መስመር ነው።
ከላይ፦ አር አራትን ከመመለሻው አድራሻ ጋር ቁልሉ ላይ አኑር።
ከታች፦ ሁለቱንም አንሣ፤ ወደ ጠራህ ሂድ።
ሁለት መስመር። ሁለት ፍልጥ።

ስልኩን ልዘጋ ስል፣ «ልጅት» አለ ታይስቶ፣
«ጎጆዋስ? በዚህ ዓመት ሄደሻል? እንጨቱ በቂ ነው?»
«ይኖራል» አልኩት።

ኅዳር ላይ ነበርኩ። ሁለት ሌሊት አነደድኩ፤ ሦስተኛው ቀን ስብሰባ ነበረብኝ፤
ሳጥኑን ዘወር ብዬ ሳላይ በሩን ገጠምኩ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። መጥረቢያው የኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል።
መንገዱ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ቴርሞሜትሩ አሁንም እየወረደ ነው።