ሁለት መስመር

ከአራዳ ስንነሣ ጥጋቡ ሱቅ ቆሜ፣
የሳምንት ፓኬጅ ሞላሁ ካርድ ፍቄ ደጋግሜ፤
«ለጣና ነው?» አለኝ ሳቁ እየቀደመው፣
«ዓሣ ላይክ አያደርግ፤ ጊጋው ምን ሊጠቅመው?»

አዘዞ አለፈ። ቆላ ድባም አለፈ።
ጥቁሩ የደምቢያ አፈር ውኃ እንደ ታቀፈ፣
የመስከረም ቢጫ ዳሩን እየጠለፈ፣
ደጀን መሪውን ይዞ «ዕረፍት» ይላል ሦስቴ፤
እኔ ግን ከባንኩ አልወጣሁም እቴ።

ጎርጎራ ስንደርስ ቆማለች ጀልባዋ፣
ቀለሟ ተላጦ፣ ጉንፋን ይዞት ሞተሯ።
ቢያድግልኝ ካርታ የለው፣ ኮምፓስም አይዝም፤
ሐይቁን በመስመር ነው የሚለካው፣ በሰዓት አይደለም፦

«ብርጊዳ በስተኋላ አንድ መስመር አለ፣
ነፋስ የመጣ ቀን እሱም ኮበለለ፤
ገሊላ ከሾላው ሥር፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ፤
ደቅ ግን... ደቅን ተዪው። ከረቡዕ ወዲህ፣ እንጃ።
ኔትወርክ እዚህ አገር እንደ ጉማሬ ነው፣
ጠርተሽው አይመጣም፤ ብቅ ሲል ማየት ነው።»

ብርጊዳ ላይ ወረድን። ሎሚ ይሸታል ግቢው።
መነኩሴው ብራናቸውን ገልጠው «ይኸው፣ ተመልከቺው»
ሲሉኝ፣ እጄን ሰቅዬ እንደ ፍርድ ቤት ምስክር፣
ቅጥሩን እዞራለሁ ለአንዲት ጭረት ክር።
መጣች፤ ዐሥራ አራት መልእክት ከኋላዋ፦
«የጳጉሜው ሂሳብ የታል?» «የካዝናው ቁልፍስ? ዋ!»
ያው መለስሁ። «ከመሳቢያው፣ ከጥቁሩ ውስጥ» አልሁ።
ብራናው ተከደነ።
ሥዕሉን አላየሁ።

ገሊላም ያው ነበር። ሾላው ሥር ተገትሬ፣
ለእኅቴ በቪዲዮ ሐይቁን አዙሬ አዙሬ፤
እሷ ሐይቁን ስታይ፣ እኔ ያየሁት እሷን፣
ከጭንቅላቷ በላይ የወጥ ቤት አምፖሏን።

ማንደባ ሴት አይገባም። ደጀን ብቻውን ወጣ፤
እኔ ጀልባው ላይ ሳለሁ ኔትወርኩ ድንገት መጣ፣
ሁለት መስመር! ሙሉ!
ቢያድግልኝ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አመነታ ቃሉ።
ከዚያ መቀመጫውን ከፍ አደረገና፣
ከሥሩ በቀለም ቁጥር አሳየኝ፤ «የልጄ ፈተና።
የማስተዋል ናት። ውጤት ወጣ ይላሉ፤
የኔ ስልክ ባለቁልፍ ነው፣ ‹ሃሎ› ነው ሙሉው ቃሉ።»
«ለምን እንጨት ላይ?» ስለው፣ «ወረቀት ይርሳል» አለ፤
ከሰባቱ አኃዝ አንዱ፣ መሐሉ፣ ተልጦ ሊጠፋ ከጀለ።

ሠላሳ ሜጋ ቀርቷል፤ ሌላው በወሬ አለቀ።
ክቧ ትዞራለች። እሱ ቅርፊት እየፋቀ፣
የደረቀ የዓሣ ቅርፊት፣ ከጣውላው፣ በጥፍሩ፣
ወደ ስልኩ አያይም፤ ዐይኑ ከደንገሉ ሥሩ።
ክቧ ዞረች።
ቆመች።
ደግማ ዞረች።
ተከፈተ።

«ሦስት መቶ ስድሳ አራት።»
«ከስንት?»
«ከስድስት መቶ።»
«ያሳልፋል?»
«ያሳልፋል።»

አንድ እፍኝ ውኃ ዘግኖ ፊቱን አበሰው፣
ጠዋት ሲታጠብ ያየሁት ሰው።

«አክስቷ ዘንድ ናት፣ ደቅ» አለ፤ ቁጥር ነገረኝ፣ ላክሁ፤
አንዲት ግራጫ ምልክት። ሁለተኛዋን ጠበቅሁ።
«ረቡዕ ጠፍቷል አልኩሽኮ» ብሎ ሳቀ፤ ገመዱን ፈታ፣
ደጀንን ጠራው በፉጨት፣ በገዳም ደጅ፣ ያለ ይሉኝታ።
«ደቅ የነገ አልነበር?» አለ ደጀን፣ ጫማው በእጁ።
«ዛሬ ነው» አልሁት። ዞርሁ፤ «ይበቃል ወይ ነዳጁ?»
«ባይበቃም» አለ ቢያድግልኝ፣ «መቅዘፊያ አለኝ።»

ሁለት። አንድ። ባዶ።
የሥራ አስኪያጁ መልእክት «በአስቸኳይ» ላይ ተሰብሮ ቀረ፤
ማንደባ ከጀርባችን ደንገል መስሎ አጠረ።
የላክሁት እንደ ላክሁት፣ ግራጫውን ለብሶ፣ ስልኬ ውስጥ ተቀምጧል፤
ሌላው መልእክት ግን፣
ጃኬቱ ዚፕ የጎደለው፣
ፊቱ ገና ያልደረቀ፣
ከኋላዬ መሪውን ጨብጦ
ወደ ደቅ ይሄዳል።