ቆጠራ

ጦሳ ገና አልታየም፣ ጉሙን ተከናንቧል፤
ፊሽካው ግን ነቅቷል።
«ውጡ! ሁለት ሁለት!» ዋርድያው በሩን በዱላ መትቶ፤
አንዱ ጫማ ሲፈልግ፣ አንዱ ጋቢ ጎትቶ፣
ቁጢጥ እንላለን፣ ሌሊቱን ብርድ በጠጣ ሲሚንቶ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... በጣቱ አናታችንን እየነካ ያልፋል፤
ሲሳሳት ካንድ ይጀምራል።
ሙሄ በሹክሹክታ፣ «ማን ይጠፋል ብሎ ነው?
በዚህ ጉም ወጥቶ ቤቱን የሚያገኘው ማነው?»

በክፍላችን በር ላይ «ወጣት ጥፋተኞች» የሚል ጽሕፈት ነበረ፤
ዝናብ «ወጣት»ን አጠበው፣ ሌላው ቀረ።

አርባ ሦስት ነን፣ ሃያ ፍራሽ።
አዲስ ገቢ ከሽንት ቤቱ ደፍ ይጀምራል፤
ሰው በተፈታ ቁጥር አንድ ክንድ ወደ መስኮቱ ይሻገራል።
እኔ ስምንት ወሬ ነው፤
የሄድኩት መንገድ አራት ክንድ ነው።

ካቦአችን አራጋው ጢም እንኳ አላበቀለም፤
ዱላ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ጮሆም አያውቅም፤
ሳሙናውን ግን በክር የሚቆርጠው እሱ ነው፣
እኩል እኩል፣ ተንበርክኮ፣ ትንፋሹን ውጦ፣
ፍርፋሪውን ለታመመ ልጅ በወረቀት አስቀምጦ።

ከሻይና ከዳቦ በኋላ ትምህርት አለ።
መምህር ጣሂርም እስረኛ ነው፤
ለምን ገባህ አንለውም፣ እሱም አይለን።
ክፍልፋይ ያስተምረናል። «አንድ ዳቦ ለሦስት ሰው» ሲል
ሁላችንም ወደ ዘውዱ እንዞራለን፤
ዘውዱ የሳምንት ዳቦውን በቁማር ተበልቷል።

እኔ የሰው ባጃጅ ባትሪ ፈትቻለሁ፤ አልካድኩም።
ዳኛዋ ግን ዕድሜዬን ጠየቁኝ፤ አላውቅም።
እናቴ ቆመች፤ አሰበች፤
«ቦርከና ሞልቶ የወንድሜን በሬ በወሰደው ክረምት» አለች።
ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንስቶ ጠበቀ። «ዓመተ ምሕረቱስ?»
«ክረምት አልኩህ እኮ ልጄ፣ ጎርፉ እስከ ደጃችን ደረሰ።»

ስለዚህ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወሰዱኝ፤
አንድ እጄን ከካቴናው ፈትተው አጥንቴን ፎቶ አነሱኝ።
ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ብዙ አየ፤
በጣቶቼ መሀል የውጭው ባሕር ዛፍ ታየ።
«ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ስምንት» ብሎ ጻፈ፣ ማኅተም መታ።
እኔ በዚያች «እስከ» ውስጥ እኖራለሁ፣ ጧት ማታ።

እሑድ ጠያቂ ይመጣል። በሁለት ሽቦ መሀል አንድ ሜትር ባዶ፤
የአርባ እናት ጩኸት ባንዴ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ተማግዶ።
የኔዋ ከኮምቦልቻ ሽቅብ መጥታ፣
የቋጠረችው በሶ በሽቦ ተወግቶ፣ ተፈትሾ፣
«በላህ ወይ?» ትለኛለች፤
እኔ «ፈራህ ወይ?» ያለችኝ መስሎኝ
«አዎ!» ብዬ ጮህኩ፣ «አዎ እማ፣ በየማታው!»
ደስ አላት። እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

ማታ እንደገና ተቆጠርን፤ ሞላን።
በሩ ከውጭ ተቆለፈ።
ሙሄ ውጭ ሳለ የሚኒባስ ረዳት ነበር፤
እኩለ ሌሊት ላይ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣
«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል።
ማንም ዝም በል አይለውም።
ሐረጎ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ
አርባ ሦስታችንም ባንዴ፣ ባንድ ጎን እንገለበጣለን፤
ቦታው ለየብቻ መዞር አያበቃም።
ትናንት ሌሊት ከሽንት ቤቱ ደፍ፣
ስሙን እንኳ ያልያዝነው አዲሱ ልጅ፣
በቀጭን ድምፅ
«ወራጅ አለ» አለ።