ሰው የጎደለበት ቤት

ጥር ነው፤ እሑድ ጧት፤ ከበሬሳ ማዶ፣
ሣሩ ጨው ይመስላል ሌሊት ውርጭ ወርዶ።
የእድራችን ድንኳን ጥግ ላይ ታጥፏል፣
ሞት ካጣ ሰንብቷል፣ ሸራውን ብል ነክቶታል።
እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ቀለሜ ረግቷል፣
እፍ ብዬ ሳሞቀው ደግሞ ይንጠባጠባል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጣሪ ሳነብ ኖርኩ፣
በየሰው ግድግዳ ቁጥር እየለቀምኩ፣
መብራት በጠፋ ቀን ስድብ እየጠገብኩ።
ዛሬ የማነበው ሌላ ወረቀት ነው፣
የምንታምር ነው፤ ማኅተም አለው ከግርጌው።
«ተቀብለንሻል» ይላል ከራስጌው፤
የኒውክሌር ምህንድስና፣ ሁለት ዓመት ነው፣
አንድ ዓመት ከፊቱ የቋንቋ መማሪያው።
ትምህርቱን ይከፍላል፣ አልጋውን ይሰጣል፣
በወር በወር ደግሞ የኪስ ይቆርጣል፤
ተመልሳ አራት ዓመት ታገልግል ይላል።
የአውሮፕላኑ ግን ከራሷ ይሆናል።
ፓስፖርት፣ ምርመራ፣ ትርጉም፣ ማረጋገጫ፣
ስንቱ ልጅ ቀርቷል አጥቶ ይችን መውጫ!

እናቷ አስካለ፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
ዕድሜዋ በሱፍ ነው፣ በኪሎ የሚለካ፤
ሳንባዋ ሱፍ ለብሷል፣ ደሞዟ ራቁት፣
ልጅ አሳድጋለች በትርፍ ሰዓት ሌሊት።
ቆመች፤ ነጠላዋን አስተካከለችና፦
«የሞቴን ገንዘብ አሁን ስጡኝ፣ በጤና፤
ኋላ ድንኳን ይቅር፣ ንፍሮም አትቀቅሉ፣
ቀድማ በልታዋለች፣ ተከፍሏታል በሉ።»

አቶ ሽብሩ ጠየቁ፣ ምርኩዝ ተደግፈው፦
«ምንድን ነው ትምህርቱ? ንገሩኝ ሳልፈርመው።»
«የኒውክሌር ማብላያ።»
                        «ማብላያ? ማን ሊበላ?
እኔ የሰማሁት ከተማ ሲያቃጥል፣ ሰው ጨርሶ ኋላ፣
ግድግዳ ላይ ትቶ የሄደውን ጥላ።»

ሳቅን ጥቂቶቻችን። ምንታምር ተነሣች፤
«ጥያቄዎ ልክ ነው፣ አባባ» አለች፤
«መፍጀቱም እውነት ነው፤ ለዚያ ነው ጠባቂ፣
ሌት ቁጥሩን የሚያነብ፣ ልጓሙን አዋቂ።
እትዬ ደብሪቱ ጡታቸው ሲታመም፣
ስምንት ወር ወረፋ፣ ጨረር አላገኙም፤
ጨረሩ ይኸው ነው፤ ጎድሎት ባለሙያ፣
ይህ መዝገብ ሆነ የስማቸው ማረፊያ።
ሰባት ነበርን ፊዚክስ ክፍል ስንገባ፣
አራቱ አካውንቲንግ ሄዱ፣ መስከረም ሳይጠባ፤
ጨረር መለኪያውን አላየሁም ባይኔ፣
መምህራችን ነው የሣለው በጠመኔ።
ምሁር ብቻም አይደል፤ ወንድሜ ይበይዳል፣
ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ ቧንቧ ያጋጥማል፤
ያለሱ እጅ ማብላያው በምን ይቆማል?»

ሊቀመንበሩም «ሕግ ይነበብ» አሉ።
አንቀጽ አምስት ገለጥኩ፤ ሁሉም ጆሮ ጣሉ፦
«እድሩ ይከፍላል፣ ቀን ሳይል ሌሊት፣
ከአባላቱ መካከል ሰው ለጎደለበት ቤት።»
ዝም ሆነ። ነፋሱ ቆርቆሮውን መታው።
ገንዘብ ያዥዋ ዘነቡ መነጽሯን ወልውላው፦
«እስቲ ድገምልኝ፤ ሞት የሚል የታለ?
ሐሙስ ማታ እኮ ነው፣ ከአስካለ ቤት ሰው ጎደለ።»

እጅ ተቆጠረ፤ ሃያ ሦስት ለአንድ፤
አንዱ አቶ ሽብሩ፣ ቀጥ እንዳሉ እንደ ግንድ።
ስንወጣ ግን ጠሩኝ ወደ አጥሩ ጥግ፣
«ተቃውሞዬን ጻፈው፣ እንዳታደርግ ሽሽግ።
የመጪውን ዓመት መዋጮዬን ቁጠር፣
ሞት ባዶ ሣጥን እንዳያገኝ በዚህ ሰፈር።»

ቤቴ ገባሁ። መብራት የለም። ሻማ ለኮስኩ።
መዝገቡን ዘርግቼ ዓምዱን ተመለከትኩ፤
ከላይ «የሟች ስም» ይላል፣ የታተመው፤
«ሟች»ን በቀጭን ሠረዝኩት፣ ፊደሉ ግን እንዳለ ነው።
ከሥሩ «ምንታምር ጓንጉል» ብዬ ጻፍኩ፤
ከአባቷ ስም ስድስት ገጽ ወዲህ ነው።
ሌላ ቅጽ የለንም።