ለሐሙስ የታሰበ

ሌሊቱ ነጭ ነው፤ በዚህ ወር ፀሐይ አትጠልቅም በዚህ ደሴት፤
ኢልቫ ካርታዋን ዘርግታለች፣ በኦድቫር ማዕድ ቤት።
ከመስኮቱ ማዶ ቴርንቲንድ ቆሟል፤ አምስት መቶ ሜትር የማይሞላ፣
ግን ቀጥ ያለ፣ ግንባር ለግንባር፣ ጠመዝማዛ መንገድ የሚጠላ።
ሽማግሌው ሰባ አንድ ዓመት ከእግሩ ሥር ኖሯል፤
እንደ ጎረቤት ሰላም ብሎት ያልፋል፤ ደጁን ግን መች አንኳኩቷል?

«አንደኛ፣» አለች የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ፣ እርሳሷን በጥርሷ ነክሳ፣
«አውቶቡሶቹ ቱሪስት ሳያራግፉ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ እንነሣ።
ደረጃው አንድ ሺህ ስድስት መቶ ነው፤ ባለፈው በጋ ቆጥሬዋለሁ፤
በየመቶው እንቆማለን፤ እርስዎ ይተነፍሳሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ።
የጉልበትዎን ማሰሪያ አይርሱ፤ ሲወርዱ ነው የሚከፋው፤
ዳገት የሚበላው ሳንባ ነው፤ ቁልቁለት ነው ጉልበት የሚያለፋው።
ሁለት ጠርሙስ ውሃ። ዳቦ በቡናማ አይብ።
የሱፍ ኮፍያ።»

ኦድቫር ሳቀ። «በበጋ ኮፍያ?» አርባ ዓመት ዓሣ ያጠመደ ሰው፣
ከነፋስ ጋር ማዕድ የቆረሰ፣ ነፋስን ከልጅ ሊማረው!
ግን ዝም አለ፤ ኮፍያውን ከመስቀያው አውርዶ አኖረ።
ባሕሩን ያውቀዋል፤ ወደ ላይ መሄድ ግን መቼ ተማረ?

የምትወጣው ቦርግሂልድ ነበረች፤ በየዓመቱ፣ ብቻዋን፣
እሱ መረቡ ላይ ሳለ፣ ያን ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራቧን
ለብሳ። ስትመለስ አንድ ድንጋይ ይዛ፣ ጡጫ የሚያክል፣ ከጫፉ፤
«ይኸው ድርሻህ» ትለዋለች፤ ድንጋዮቹ በመስኮቱ ደፍ ተሰለፉ።
«ቤታችን ከዚያ ላይ ስንት ያህላል መሰለህ? የአውራ ጣት ጥፍር!
ዝገቱ ግን ከዚያም ይታያል፤ ጣሪያውን መቼ ነው የምትቀባልኝ? ተናገር!»

ሃያ ሦስት ድንጋይ።
ሃያ አራተኛው አልመጣም።
ጣሪያው ዘንድሮ ቀይ ተቀባ፤
ቱሪስቱ ሁሉ ከላይ ሆኖ ፎቶ ያነሣዋል፤
ዝገቱን የሚያውቅ ግን አይወጣም።

ኢልቫ ቦርሳውን በእጇ መዘነች፤ ቅንድቧ ተኮማተረ፤
«ዕቃ እንቀንስ ተባብለን አልነበር? ምን ተጨመረ?»
ሬዲዮኑን አወጣች፤ መነጽሩን፤ የሰርዲን ቆርቆሮውን ሳይቀር፤
ከታች፣ በካልሲ የተጠቀለለ፣ ግራጫ ድንጋይ ነበር።
«ወደ ተራራ ድንጋይ? ለባሕር ጨው መውሰድ ነው እኮ!»
«ልመልሰው ነው፤» አለ ሽማግሌው፤ «ተበድረን ነበር።»

ልጅቱ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ በዓይኗ ቆጠረች፤
በካርታው ጠርዝ ላይ ሰባ አንድን ጽፋ ደመረች።
«በዓመት አንድ ከሆነ፣ የመጨረሻው በዘጠና ሦስትዎ ነው፤» አለች።
ዝም አለ። ዝም አለች።
ከውጭ የባሕር ወፎች ብቻ፣ በማይመሽ ብርሃን ተጣሉ።

ያኔ ተራራው ደመና ደፋ፣ እስከ ጆሮው ድረስ፤
«ረቡዕን ሰርዢ፤» አለ ኦድቫር፤ «ኮፍያ ካደረገ ሳይዘንብ አይመለስ።
ሐሙስ ይጠራል።»
ይህን እንኳ የሚያውቀው እሱ ነው።
ልጅቱ በላጲስ ፈገፈገች፤ ከላዩ ሐሙስ ብላ ጻፈች፤
ሰርዲኑን ወደ ቁም ሣጥን፣ ሬዲዮኑን ወደ መደርደሪያው መለሰች።

«አሁን ቦታ አለ፤» አለች፣ ቀና ሳትል፣ የቦርሳዋን ዚፕ እየከፈተች፤
«እርስዎ አንድ፣ እኔ አንድ።»

ኦድቫር ተነሣ፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ ጣቶቹ ቆዩ፤
አንዱን ነካ፣ ተወው፤ ሌላውን አነሣ፣ መለሰው፤
በመጨረሻ ትንሹን መረጠላት።