ባራት ነጥብ

«ባራት ነጥብ እየመራን ነው!» አለ ቸስዋቭ፣ እጁን እያሸ፤
ራዶም ላይ አርብ መሸ።
ቦዠና ዝም። ለእሁድ ማታ የገዛችውን ኬክ
በረንዳው ላይ ሸሸገች፣ ጎረቤት እንዳያይ፤
ባለፈውም ላሚቱ ነበረች፣ እዚያው ሰማይ ላይ፦
ማታ አሸንፈው ተኙ፣
ጠዋት ተሸንፈው ተገኙ፤
ከፍተው የተዉት ወይን ጠጅ ብርጭቆው ውስጥ ኮመጠጠ።

የተቀደመ ሰው ይተኛል፣ የሚቀሙት የለው፤
እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር መሪ ነው፣ የሚቀሙት ያለው።

ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ቅስቀሳ በሕግ ክልክል፤
እንኳንስ ሰው፣ ፖስተሩም ዝም ብሏል።
ቸስዋቭ በጨለማ ጣቱን ይቆጥራል፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... አራት ላይ ይቆማል።
አምስተኛውን፣ አውራ ጣቱን፣
ቦዠና በጡጫዋ ይዛዋለች፣
ለዕድል፣ እንደ አያቶቿ፤
እስኪነጋም አልለቀቀችው።