ቀለም ቆጠራ

ዛሬም መብራት ሄደ። ሰፈሩ ሲያማርር
እኔ ጣራ ላይ ነኝ፣ ደስታዬን ስሰውር፤
ከፋብሪካው ወዲህ እስከ ቦርከና ዳር
አንድ አምፖል የለማ፣ ሰማይ የሚያሳውር።

ትርንጎ ባትሪውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣
እኔ ቴሌስኮፑን፣ ንፋሱ እንዳይገፋ፤
ሸርጣን መሀል ያለች፣ ጭጋግ የመሰለች፣
መስተዋቱ ሲያያት ንብ ሆና ፈላች።

ዘበኛው መሸሻ፣ በዱላ ተደግፎ፣
ካፖርቱን ደርቦ ደረጃውን አልፎ፣
«ኮከብ ቆጣሪ ነሽ፤ እስቲ ተይ ቁጠሪኝ፤
ልጄ ጂዳ ቀረች፤ ትመጣ እንደሁ ንገሪኝ።»

መቁጠሩንስ፣ አልኩት፣ በእርግጥ እቆጥራለሁ፤
ዕጣ ግን አልገልጥም፤ ቀለም እለካለሁ።
አንዴ በሰማያዊ፣ አንዴ በቢጫ ወንፊት
ያችኑ አንዷን ኮከብ አጣርቼ ሁለት ፊት፣
ቁጥር ከቁጥር ላይ ስቀንስ የሚተርፈኝ
የግለቷ ልክ ነው፤ እሳቷ ሳይፈጀኝ።

ይህንን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤
ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ፣ ጋሽ ይማም ነው፣ በቀለም።
ብትኑን ዘርግቶ በመስኮቱ ብርሃን፣
«ይኼ ሰማያዊ ትናንት የነከርነውን
አይመስልም፤ ጎድሏል፤ አንድ ኩባያ ጨምሩ»
ይል ነበር ሳይለካ፤ ዓይኑ ነው ምስክሩ።

አሁን ያ ዓይን ሞራ ለብሶ ሻይ መስሏል፤
ነጩን ኩታ አይቶ «ወይቦብኛል» ይላል።
የሰማዩም አቧራ ያኔ ነው የገባኝ፦
መሀል የቆመ ብናኝ ብርሃኑን ሲያቀላብኝ
ኮከቧ አልቀላችም፤ ጥፋቱ የመንገዱ፤
አቧራው ይቀነስ፣ በእሷ ሳይፈርዱ።
(ለዚህች መንጋስ ኢምንት ነው። ለጋሽ ይማም ግን ብዙ።)

መሸሻ አልገባውም። ሐረጎን አሳየሁት፤
ከጂቡቲ የጫኑ መኪኖች ሲወጡት፦
«የዚያ የላይኛው መብራት ለምን ደቀቀ?»
«ሩቅ ነዋ!» አለኝ፣ ጥርሱ እየሳቀ።
«እሱ ነው» አልኩት። «የፋናውን ጉልበት
ካወቅኩኝ በቀለሙ፣ ድክመቱ ነው ርቀት።»
«ስንት ነው ታዲያስ?» አለ። «ስድስት መቶ ዓመት፤
ብርሃን ሳያርፍ ሮጦ ዛሬ የደረሰበት።»

ዝም አለ። ጂዳን በዚያ ሳይለካት አልቀረም።

ከአንድ ደመና ነው በአንድ ምጥ የወጡት፤
ግን እኩል አይኖሩም ያላቸውን ሲያወጡት፤
ሰማያዊው ጉልቤ ያነዳል ሳይቆጥብ፤
ቀዩ ሚጢጢ ግን ይኖራል በጥበብ።
ወረቀት ላይ በነጥብ ሳሰልፋቸው፣ ደማቁን ወደ ላይ፣
የጋለውን ወደ ግራ፣ ሰልፉ ቁልቁል ሲታይ፣
ላይኛው ጫፍ ድንገት ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤
መታጠፊያው ነው ዕድሜ፤ ከዚያ በላይ ጎድሏል።
ዘመኑን የሚነግረኝ ያለው ሳይሆን፣ የሌለው።

ኔትወርክ ብልጭ ሲል ለጋሽ ይማም ደወልኩ፤
«አንድ መቶ አርባ ሦስት ኮከብ ለካሁ» አልኩ።
«ሁሉም ዘመድ ናቸው?» አለኝ። «ሁሉም አይደለም፤
ሠላሳ አንዱ ባዳ ነው፤ ሰልፉን ስቷል በቀለም፤
ወይ ከፊት ወይ ከኋላ፣ በአጋጣሚ የቆመ፣
ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግን ቤተኛ የመሰለ።»

ቆየ። ትንፋሹ ብቻ። ከዚያ ይቆጥር ጀመር
የሌሊት ፈረቃውን፣ የቀለም ቤቱን ማኅበር፦
ዘይነባ ደሴ ናት፣ ክር ትሸጣለች፣ ሰኞ ገበያ፤
በሪሁን አፋር ወረደ፤
የሺመቤት… እሷን እንኳ አብረን ነው የቀበርናት፤
ሁለቱ ወንድማማቾች፣ እነዚያ እጃቸው ሁሌ አረንጓዴ የነበረው፣
የት እንዳሉ አላህ ይወቅ።
«እኛም ታጠፍን እንዴ?» አለኝ።

መልስ ሳላገኝለት መብራቱ መጣ። ሰፈሩ
በአንድ አፍ ጮኸ፤ ውሾቹም አብረው አጨበጨቡ ልበል፣ ዘመሩ።
ትርንጎ ክዳኑን ገጠመች። ንቦቹ የሉም፤
ከጣሪያው በላይ ብርቱካን ጭስ ነው።
መሸሻ ብቻ አልወረደም፤ ዓይኑን በእጁ ከልሎ
ሐረጎን ያያል፣
የደቀቀውን መብራት ፈልጎ፣
ይቆጥራል ገና።