የበጋ ታንኳ

በጥር ፀሐይ፣ ጭቃው እንደ ገል ተሰንጥቆ፣
ጉማራ ወገቡ ቀጥኖ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣
እኔ ታንኳ ሰቀልኩ ከቤቴ ጣሪያ፣
በሦስት ዙር ጠፍር፣ ባንዲት መቋጠሪያ።

ባንቲገኝ አየና በአጥሩ አሻግሮ፣
«ምነው፣ ዓሣው ሁሉ በረረ ዘንድሮ?»
ብሎ ሳቀብኝ። ሚስቱም ሳቀች አብራ።
ይሳቁ። በጋ ነው። እኔ ቋጠሮ ልሥራ።

እሱ ያን ክረምት የለም፤ እኔ ግን ነበርኩኝ።
ውሃ በር አያንኳኳም፤ ብርድ ይዞኝ ነቃሁኝ።
ከመደብ ተኝቼ እጄን ብዘረጋ፣
ጫማዬ ይዋኛል ከግድግዳው ጋ።
ክብሪቱ ረጥቧል። ፋኖሱ የት ሄደ?
ጥጃዋ እንደታሰረች ጮኸች፤ ድምጿ ወረደ።
አባቴ በጨለማ በየስማችን ተጣራ፣
ከታላቅ እስከ ታናሽ፣ ሁላችንን በተራ፤
አምስት ስም ጠራ። «አቤት» ያልነው አራት ነን።

እዚህ ላይ ቤት አይመታም።
ያን ሌሊት ቤት የመታው ጎርፉ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለአጭሩ ክፉ ቀን ስንቅ አለኝ።
ክብሪት በጠርሙስ፣ አፉ በሰም የተደፈነ።
በሶ በቅል፤ እሳት የማይለምን ምግብ።
የመሬቱ ደብተር በላስቲክ፣ ላስቲኩም በላስቲክ።
ሁለት ባዶ ጀሪካን፣ ክዳናቸው የጠበቀ፣ በገመድ የተጣመሩ፤
ባለቤቴ «ለጠላ ልጠቀምባቸው» እያለች
በየበዓሉ የምንጣላባቸው።
ቢላዋ ከበሩ ራስጌ፣ የከብቱን ገመድ ለመቁረጥ፤
ጥጃዋን አልረሳሁም።
ለልጆቼ ደግሞ ፊሽካ፣ ለእያንዳንዳቸው በየአንገታቸው።
ትንሿ፣ እናንዬ፣ በሰላሙም ቀን ትነፋለች፤
ዶሮ ታስደነግጣለች፤ እናቷ ትቆጣታለች።
እኔ አልቆጣም።
በነፋች ቁጥር «አቤት» ያለችኝ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሌሊት ነው።
ለረጅሙስ?

ረጅሙ አይጮኽም። አበባ ይዞ ነው የመጣ፣
ሐምራዊ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ የላከ አማች መስሎ።
እምቦጭ ያልነው ኋላ ነው፤
በመጀመሪያው ቀን ልጃገረዶች ቀጥፈው ጸጉራቸው ላይ ሰክተውታል።
አሁን ሐይቁን ለማየት በአረንጓዴ ላይ አሻግሬ አያለሁ፤
መረቤን ስጥል መረቤ ሣር ያጠምዳል።

ለሱም ያሰናዳሁት ጥቂት ነው።
አንድ ጣሳ የሩዝ ዘር፣ በአመድ የታሸ፣
ቢርበንም ላንበላው እኔና ባለቤቴ የተማማልንበት።
ልጅ ሲያለቅስ መሐላ ስንት ቀን እንደሚቆም ግን አላውቅም።

እንድሪስ፣ ታንኳዋን የሸጠልኝ፣ እጁ ደንገል ደንገል የሚሸት፣
ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ሳይከት እንዲህ አለኝ፦
«ታንኳ ዕድሜዋ አጭር ነው። ውሃ ትጠጣለች፣ ትከብዳለች፣ ትሞታለች።
አባቴ ደንገል ያጭድ የነበረው ከደጁ ነው።
ይቺን ያጨድኳት ሦስት ቀን ቀዝፌ ነው።
ስቀላት፣ ግድ የለም።
ግን ሥሩንም ትከል።»

በጉማራ አፍ፣ እምቦጩን በእጄ ነቅዬ ባጸዳሁት ጥግ፣
አርባ ሥር ቀበርኩ። አሥራ አንዱ ያዘ።
ሌላውን የማን ከብት እንደበላው አውቃለሁ፤ አልናገርም።

ትናንት ማታ ባንቲገኝ መጣ። አልሳቀም።
ቀና ብሎ ታንኳዋን ከአፏ እስከ ጭራዋ በዓይኑ ለካት።
«ስንት ሰው ትችላለች?»
«ሦስት። ብትጨነቅ አራት።»
ዝም አለ። በጣቱ መቁጠር ጀመረ።
እኔም የኔን ቆጠርኩ።
አንድ አንድ እጅ አልበቃንም።

ዛሬ በጉማራ አፍ ሁለት ሰው ጎንበስ ብሎ፣
ሥር ሲቀብር ዋለ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ።
ደመና የለም። ውሃው ከቁርጭምጭሚት በታች።
ከቤት በኩል ፊሽካ ተሰማ። እናንዬ ናት። አለች።